«የኛ አይደሉም»
ስለ ናታን ሐኖቨር መጽሐፍና ስለ ጎደለው ከተማ

ባለፈው እትማችን አንድ የክበባችን አባል ስለ ናታን ሐኖቨር «የቬን ሜጹላ» የጻፈውን ሁላችሁም አንብባችኋል ብዬ እገምታለሁ። እኔ ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ ደስ ብሎኝ፣ አንዴ ተናድጄ። ደስ ያለኝ ከመካከላችን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ፈልጎ የሚያነብ ሰው መገኘቱ ነው። የተናደድኩት ደግሞ መጽሐፉን ከጭራው ስለያዘው ነው። ጓደኛችን የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ነጥሎ አወጣና፣ የጥንቱ የፖላንድ አይሁድ ኑሮ ይኸው ነበር፣ ሕዝብ ራሱን በራሱ ሲያስተዳድር እንዲህ ያምራል ብሎ ደመደመ።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ያ ምዕራፍ ውብ ነው፤ እውነትም አለበት። ግን አንድ ትልቅ ነገር ይዘላል። የዘለለው ነገር ከተማው ነው። ግንቡ፣ በሩ፣ የከንቲባው ወንበር፣ የአደባባዩ ሚዛን፣ አንዳቸውም የሉበትም። ሐያሲ ደግሞ ገጹ ላይ ያለውን ብቻ ቆጥሮ ከተነሣ ሥራውን ግማሽ አድርጎ ነው የተወው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉን ላላያችሁት ባጭሩ ልናገር። ሐኖቨር ሰባኪ ነበር። ቮሊን ውስጥ ዛስላቭ በምትባል ከተማ ሲኖር፣ በ1648 የቦህዳን ክመልኒትስኪ ኮሳኮች ከታታሮች ጋር አብረው በፖላንድ መንግሥት ላይ ተነሡ። መኳንንቱም፣ የካቶሊክ ቄሶቹም፣ የመኳንንቱን ርስት በኮንትራት ይዘው ግብር ይሰበስቡ የነበሩት አይሁድም፣ ምንም ያልያዙት ድሆች አይሁድም በአንድ ጎርፍ ተጠረጉ። ሐኖቨር ቤተሰቡን ይዞ ሸሸ። ከአገር አገር ሲንከራተት ቆይቶ ጣሊያን ደረሰ፤ መጽሐፉም በ1653 ቬኒስ ላይ ታተመ።

ርእሱ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ነው፤ በኛ ቁጥር ከ68ኛው፣ በዕብራይስጡ ከ69ኛው። ጥልቅ ረግረግ እንደ ማለት ነው። ግን ሰምና ወርቅ አለበት። በዕብራይስጥ «የቬን» ረግረግ ሲሆን «ያቫን» ግሪክ ነው፤ ሐኖቨር ደግሞ ኮሳኮቹንና የዩክሬን ገበሬዎችን በኦርቶዶክስ ሃይማኖታቸው ምክንያት «ግሪኮች» ይላቸዋል። ሰሙ ረግረጉ፣ ወርቁ ወደ ረግረጉ የከተቱት ሰዎች። ለአማርኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት ብዙም አይከብድም። በ1950 የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን ርእሱን «የተስፋ መቁረጥ ጥልቀት» ብሎ ቅኔውን እዚያው ቀብሮታል።

ስለ ቁጥሩም አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ሐኖቨር የሚሰጠውን የሙታን ቁጥር እንዳለ መዋጥ አይቻልም። ሻውል ስታምፕፈር የተባለ የታሪክ ሊቅ በ2003 ባወጣው ጥናት፣ በጊዜው ዩክሬን ውስጥ ከነበሩት 40,000 ገደማ አይሁድ ከ18,000 እስከ 20,000 የሚሆኑት እንዳለቁ ይገምታል። ቁጥሩ ዝቅ አለ ብሎ ዘና የሚል አንባቢ ካለ ደግሞ ድጋሚ ያስላው። ከሁለት ሰው አንድ ያህል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ። ሐኖቨር ከተማ በከተማ፣ እልቂት በእልቂት ከተረከ በኋላ ድንገት ቆም ይልና የጠፋውን ኑሮ ያወድሳል። ዓለም በስድስት ምሰሶዎች ላይ ቆማለች፤ እነሱም ትምህርት፣ ጸሎት፣ ምጽዋት፣ ፍርድ፣ እውነትና ሰላም ናቸው፤ ስድስቱም በፖላንድ አይሁድ ዘንድ ነበሩ ይላል። ከሁሉ የረዘመውና ያማረው የትምህርቱ ክፍል ነው። እያንዳንዱ ማኅበር ጎረምሳ ተማሪዎችን በየሳምንቱ ቀለብ ገንዘብ እየሰጠ በየሺቫ፣ ማለትም በኦሪት ትምህርት ቤት፣ ያስተምራል። እያንዳንዱ ጎረምሳ ደግሞ በተራው ሁለት ሕፃናት ያስጠናል፤ የተማረው እንዳይጠፋበት። ሃምሳ አባወራ ብቻ ያለው ማኅበር እንኳ ከሠላሳ የማያንሱ ተማሪዎች ያኖራል። አንዱ ጎረምሳ ከሁለቱ ልጆች ጋር በአንድ አባወራ ቤት ይመደባል፤ እንደ ቤቱ ልጅ ከገበታው ይበላል። የቆሎ ተማሪን ኑሮ፣ ኮፊያውንና ውሻውን፣ ከአያቱ አፍ የሰማ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ ይሸፍታል። እኔም ሸፍቶብኛል፤ አልደብቅም።

ትምህርቱ ሲዘጋ ደግሞ መምህራኑ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ወደ ታላላቆቹ ገበያዎች ይወርዳሉ። በበጋ ዛስላቭና ያሮስላቭ፣ በክረምት ልቮቭና ሉብሊን። እዚያ ንግዱም አለ፣ ክርክሩም አለ፣ ጋብቻውም አለ፤ ወንድ ልጅ ወይም ሴት ልጅ ለመዳር የፈለገ ሁሉ ወደ ገበያው ይመጣል። በነገራችን ላይ ይህ ገበያ በሐኖቨር ብዕር ሲሣል በደስታ የተሞላ ነው፤ ሸቀጡ ግን አይታይም። ጨርቅ የለ፣ ከብት የለ። ገበያ ያለ ሸቀጥ! እኔን መጀመሪያ ያጠራጠረኝ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ስለ ፍርድ በሚናገረው ክፍል ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሐኖቨር እንደሚለው በየከተማው የአይሁድ ፍርድ ቤት ነበረ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «የአራቱ አገሮች ሸንጎ» በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሉብሊንና በያሮስላቭ ገበያ ይሰበሰብ ነበር፤ እሱ ከጥንቱ የኢየሩሳሌም ሳንሄድሪን ጋር ያመሳስለዋል። ከዚያ ምን ይላል? አይሁዳዊ ከአይሁዳዊ ጋር ሲጣላ በአሕዛብ ዳኛ ፊት፣ ወይም በመኳንንት ፊት፣ ወይም በንጉሡ ፊት ቀርቦ አያውቅም፤ የቀረበም እንደሆነ ብርቱ ቅጣት ይቀጣል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ድጋሚ አንብቡት። የመጀመሪያው ግማሽ «ተደርጎ አያውቅም» ይላል። ሁለተኛው ግማሽ ለተደረገ ጊዜ ቅጣቱን ያስቀምጣል። ተደርጎ ለማያውቅ ነገር ቅጣት ምን ይሠራል? ሐኖቨር ሊደብቅ የፈለገው ከተማ በዚህች ቀዳዳ አጮልቆ ያየናል። የታሪክ ሰዎች የፖላንድን የቤተ መንግሥትና የከተማ ፍርድ ቤቶች መዝገብ ገልብጠው አይሁድ በክርስቲያን ዳኛ ፊት ሲከሱና ሲከሰሱ፣ እርስ በርሳቸውም ሲካሰሱ አግኝተዋቸዋል። ሰው ፍርድ በራበው ጊዜ በር ይቆጥራል እንዴ? የተሻለ ፍርድ አገኛለሁ ብሎ ያሰበበት ይሄዳል።

ታዲያ የተዘለለው ከተማ ምን ይመስል ነበር? ሐኖቨር ራሱ በክረምት ገበያ የሚያነሣትን ልቮቭን እንውሰድ። (ዛሬ ልቪቭ ትባላለች፤ ያለችውም ዩክሬን ውስጥ ነው።) ንጉሥ ካዚሚር በ1356 የማግደቡርግ ሕግ የሚባለውን የከተማ ሕግ ሰጣት። በዚህ ሕግ መሠረት ከተማዋን የሚያስተዳድረው ከካቶሊክ ከተሜዎች የሚወጣ ምክር ቤት ነው። በግንቡ ውስጥ ሩቴናውያንም፣ አርመኖችም፣ አይሁድም የየራሳቸው ጎዳና ነበራቸው። አይሁዱ እንዲያውም ሁለት ማኅበር ነበሩ፤ አንዱ በግንቡ ውስጥ፣ አንዱ ከግንቡ ውጪ በሰፈሩ። ምኩራባቸው ለየብቻ፣ መቃብራቸው አንድ።

አሁን ዋናው ቁም ነገር። አይሁድ የከተማው ዜጎች አልነበሩም። የንጉሡ ነበሩ። ዳኛቸውን የሚሾመው የንጉሡ እንደራሴ የሆነው የአውራጃው ገዥ እንጂ ከንቲባው አይደለም። የከተማው ምክር ቤት ሊፈርድባቸው ሥልጣን አልነበረውም። ነገር ግን የሚረግጡት ድንጋይ የከተማው ነው፤ የሚጠብቃቸው ግንብ የከተማው ነው፤ በሩን ማታ የሚዘጋው ዘበኛ የከተማው ነው፤ ሰሙ የሚመዘንበት ሚዛን የከተማው ነው። ሐኖቨር «እውነት» በሚለው ምሰሶው ስር ማኅበሩ ሚዛንና መስፈሪያ የሚቆጣጠሩ ሰዎች ይሾም ነበር ይላል። ውሸት አይደለም፤ ይሾም ነበር። አደባባይ ላይ ግን ሌላ ሚዛን ነበረ፤ እሱን አያነሣውም።

ምክር ቤቱ ሊፈርድባቸው ስላልቻለ በንግድ መጣባቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የልቮቭ ከተሜዎች ንጉሡን ለምነው የከተማዋ አይሁድ ከአራት ነገር በቀር እንዳይነግዱ አስወሰኑ፤ ሰም፣ ቆዳ፣ ጨርቅና የቀንድ ከብት። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ነገሩ ክስ፣ ይግባኝ፣ ስምምነት፣ እንደገና ክስ ነው። ስምምነቱ በገንዘብ ይገዛል፤ ጊዜው ሲያልቅ እንደገና ይገዛል። ሌላውም ቦታ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ዋርሶ በ1527 አይሁድ እንዳይኖሩባት የሚያደርግ መብት ከንጉሡ አገኘች። የክራኮው አይሁድ በ1495 ከከተማዋ ወጥተው ጎረቤቷ ወደ ካዚሚየዥ ተዛወሩ፤ በ1568 ደግሞ እነሱ በተራቸው በካዚሚየዡ ሰፈራቸው ክርስቲያን እንዳይገባባቸው ከንጉሡ ጽሑፍ ተቀበሉ። አያችሁ? መዝጋት የአንድ ወገን ጠባይ ብቻ አይደለም።

የልቮቭ ሕዝብ ይህን ሁሉ ክስ በአፈ ታሪኩ እንዴት አድርጎ እንደያዘው ማየት ደስ ይላል። ባለጠጋው ይስሐቅ ናህማኖቪች በ1582 በግንቡ ውስጥ ምኩራብ አሠራ፤ መሐንዲሱ ጣሊያናዊው ፓውሎ ሮማኖ ነው። ብዙ ሳይቆይ ኢየሱሳውያን ቦታውን ለራሳቸው ጠየቁ። ነገሩ ዓመታት ፈጅቶ በ1609 ምኩራቡ በከባድ ገንዘብ ለአይሁድ ተመለሰ። አፈ ታሪኩ ግን ክሱንም ገንዘቡንም ረስቶታል። አንዲት «ወርቃማዋ ሮዛ» የተባለች ሴት ራሷን ለጳጳሱ ሰጥታ ምኩራቡን አዳነችው ይላል። ሕዝብ ደረሰኝ አይዘፍንም፤ ሴት ይዘፍናል። ሐኖቨርም እንደዚሁ ነው። ምሰሶ ያወድሳል እንጂ ደረሰኝ አያወድስም። (ምኩራቡን በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች አፈረሱት፤ የቀረው ፍርስራሽ ነው።)

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ሐኖቨር ከተማ መሣል ካልቻለ ምን ያድርግ?» ይለኝ ይሆናል። ይችላል እኮ! ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት ያሉትን ምዕራፎች ማንበብ ነው። መጽሐፉ በር በር የሚሸት መጽሐፍ ነው። ኔሚሮቭ ላይ አይሁዱ ከግንቡ ሆነው ከሩቅ የሚመጣ ጦር ያያሉ፤ የፖላንድ ጦር ይሁን የኮሳክ አይለዩትም፤ ኮሳኮቹ የፖላንድ ሰንደቅ ይዘዋል። የከተማው ሰዎች ግን ያውቃሉ፤ አውቀውም በሩን ክፈቱ ይላሉ። በሩ ይከፈታል። ሐኖቨር እዚህ ላይ ስለ ምሰሶ አያወራም። ዓይኑ መቀርቀሪያው ላይ ነው።

ቱልቺን ላይ ደግሞ ይብሳል። መኳንንቱና አይሁዱ በአንድ ምሽግ ውስጥ ናቸው፤ ላይካካዱ ተማምለዋል። ኮሳኮቹ አይሁዱን ከነሀብታቸው ብትሰጡን እናንተን እንተዋችኋለን ብለው ይልካሉ። አይሁዱ ክህደቱን ነቅተው በመኳንንቱ ላይ ሊነሡ ሲሉ የየሺቫው መሪ ረቢ አሮን ያስቆማቸዋል። ለምን? እናንተ ዛሬ በእነዚህ ላይ እጃችሁን ብታነሡ፣ ወሬው ሲሰማ በሌላው ከተማ ያሉ መኳንንት በወንድሞቻችን ላይ ይበቀላሉ ነው ነገሩ። ከዚያ አይሁዱ ተላልፈው ተሰጡ፤ አለቁ። መኳንንቱም ቢሆኑ አልዳኑም፤ ኮሳኮቹ ቃል አልጠበቁላቸውም።

ይህ ነገር በትክክል እንዲህ ሆኖ ነበር ወይ የሚለውን የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበት። እኔ እንደ ሥነ ጽሑፍ ሳነበው፣ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጥብኝ ትዕይንት ይህ ነው። ረቢ አሮን በዚያች ሰዓት ስለ ቱልቺን ብቻ አያስብም። ስለ ሌላው ከተማ በር ያስባል። የዚያ ሕዝብ ኑሮ ምን ላይ የተንጠለጠለ እንደነበረ በአንድ ውሳኔ ውስጥ ሙሉውን ታያላችሁ። አንዱ በር ላይ የሚሆነው በሌላው በር ላይ ይከፈላል። ታዲያ ይህን ማየት የቻለ ጸሐፊ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ በር የሚባል ነገር እንዴት ጠፋበት?

ከመመለሴ በፊት ልቮቭን ልጨርስ። ርእሴን ያገኘሁት ከዚያ ነው። በ1648 መኸር ክመልኒትስኪና ታታሮቹ ልቮቭን ከበቧት። የውጪው ሰፈር ተቃጠለ፤ ሕዝቡ በግንቡ ውስጥ ተፋፍጎ ረሀብና በሽታ ይጨርሰው ጀመር። ክመልኒትስኪ ላከ፤ አይሁዱን ስጡኝ አለ። ምክር ቤቱ እምቢ አለ። ከከተማው ወገን የደረሰን መልስ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ አይሁድ የንጉሡና የመንግሥቱ ሰዎች ናቸው፣ የኛ አይደሉም፣ ስለዚህ አሳልፈን ልንሰጥ አንችልም። ሁለተኛ፣ ከኛ ጋር ወጪውንም አደጋውንም ተካፍለዋል። በመጨረሻ ከተማዋ ቤዛ ከፍላ ከበባው ተነሣ፤ በቤዛው ውስጥ የአይሁድም ገንዘብ ነበረበት።

«የኛ አይደሉም»! ይህ ቃል እኮ ምክር ቤቱ መቶ ዓመት ሲያለቅስበት የኖረ ቃል ነው። የኛ አይደሉም፣ ስለዚህ በጎዳናችን አይስፉ። የኛ አይደሉም፣ ስለዚህ ከአራት ነገር በላይ አይነግዱ። የኛ አይደሉም፣ ንጉሡ ለምን በከተማችን ውስጥ ሌላ ሰው ያኖርብናል? ያው ቃል፣ ያው ምክር ቤት፣ ጠላት በር ላይ ሲቆም ጋሻ ሆነ። የልቮቭ ሹማምንት በዚያች ቀን ልባቸው ራርቶ ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ፈርተው ነው ለማለትም የለኝም። አንዱን በር የከፈተ ከተማ ሌላውን በር አያስከፍትም ወይ ብለው አስበውም ይሆናል። እኔን የሚገርመኝ ቃሉ ነው። ለማስወጣት የተሳለው ቃል ለማዳን ዋለ። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር ይጣላል፤ «የኛ አይደሉም» ካሉ በኋላ «ከኛ ጋር ናቸው» አሉ። ከተማ ማለት ይህ ተቃርኖ ነው፤ በስድስት ምሰሶ አይገባም።

ደግሞም መልአክ እንዳናደርጋቸው፣ አሥራ ስድስት ዓመት ወደፊት እንሂድ። በ1664 የጸደይ ወራት በዚያችው ልቮቭ ሁከት ተነሣ። የአይሁድ ሰፈር ተዘረፈ፣ ብዙ ሰው ተገደለ። ከሞቱት መካከል የታላቁ ሊቅ የዳዊት ሃሌቪ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩበት። ዳዊት ሃሌቪ «ቱሬ ዛሃቭ» የተባለውን የሕግ ትርጓሜ የጻፈ ነው፤ እሱም እንደ ሐኖቨር በ1648 ከመጣው መከራ ሸሽቶ ተንከራትቶ ነው ልቮቭ የገባ። የከተማው ዘብ አላዳናቸውም። ከሁከተኞቹ መካከል ደግሞ እነማን ነበሩ? ተማሪዎች። የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ተማሪዎች።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ለኛ ለተማሪዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በክራኮውና በሌሎች ከተሞች ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ደጅ ከሚያልፍ አይሁዳዊ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር፤ ስሙም «ኮዙባሌትስ» ይባላል። ሕግ አይደለም፤ ልማድ ነው። አልሰጥም ያለ ይደበደባል። ስለዚህ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ ሁለት ዓይነት ተማሪ ነበረ። አንዱ በአባወራው ገበታ እንደ ልጅ የሚበላው፣ ሐኖቨር በፍቅር የሚተርክልን። ሌላው የአባወራውን ገንዘብ ደጅ ላይ ጠብቆ የሚቀማው፣ ሐኖቨር የማያነሣው። ጓደኛችን ባለፈው እትም «ተማሪ የተከበረበት ዘመን» ሲል የትኛውን ተማሪ ማለቱ ነው? ሁለቱም ተከብረዋል። የኋለኛው ከነዱላው ነው።

የማኅበሩን የራሱንም አስተዳደር ጓደኛችን እንደጻፈው ያለ እንከን መውሰድ አይገባም። ቃሃል የሚባለው የአይሁድ ማኅበር ምክር ቤት ለከተማው ምክር ቤት መንታ ወንድም ያህል ይመስለዋል። በ1595 የወጣውን የክራኮው አይሁድ ማኅበር ደንብ ብናይ አራት አለቆች፣ አምስት «ደጋጎች»፣ አሥራ አራት የምክር ቤት አባላት አሉ። አለቆቹ ወር ተራ ይገባሉ። ግብር ይመድባሉ፣ ይቀጣሉ፣ ከማኅበሩ ያወግዛሉ። እንግዳ አይሁዳዊ በከተማው ለመስፈር ከፈለገ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚነሣው ቃሃል ነው። ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ባብዛኛው ባለጠጎችና ዘመዶቻቸው ናቸው። ድሃው ጫማ ሰፊ ለምን ወደ አሕዛብ ዳኛ ሊሄድ እንደሚችል አሁን ገባችሁ? በራሱ ሸንጎ ላይ የተቀመጠው አበዳሪው ሊሆን ይችላላ! ነገሩን የሀብታምና የድሃ ጉዳይ ብቻ አድርጎ መጨረስም ግን አይበቃም። ያው አለቃ ነው ለድሃው ሲል ጉቦውን ይዞ ወደ ገዥው ደጅ የሚሄደው፤ እሱ ባይኖር በሩ ላይ የሚቆም የለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይቀራል። ሐኖቨር ዋሽቷል ወይ? በክበባችን ውስጥ ይህን ሳነሣ አንዱ ወዲያው «ስለዚህ ምዕራፉ የሐሰት ሥዕል ነው» አለኝ። አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ አያውቅም። አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ደግነት፣ ቁመናውን፣ የቤቱን እንግዳ ተቀባይነት ትቆጥራለች እንጂ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን እንደተካሰሰ አታነሣም። ቢያነሣ የሚያፍር ሌላ ሰው ነው እንጂ እሷ ስለማታውቅ አይደለም። ሐኖቨር ያን ምዕራፍ ሲጽፍ አገሩ የለም። ቬኒስ ውስጥ ነው፤ እዚያም አይሁድ ከ1516 ጀምሮ በሌሊት በሩ በሚቆለፍ ሰፈር ነው የሚኖሩት። በዚያ ቦታ ሆኖ የፃፈው ሰው በር አላየም ማለት አይቻልም። በር ሰልችቶታል ብል ይሻላል። በገጽ ላይ ገጽ በር ሲከፈትና ሰው ሲያልቅ ከተረከ በኋላ፣ በመጨረሻ በር የሌለበት ቤት ሠራ። ከዓመታት በኋላ በ1662 ፕራግ ላይ ያሳተመው የጸሎት መጽሐፍ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «የጽዮን በሮች»።

ስለዚህ ጥፋቱን እኔ የማየው ሙሾውን እንደ ሕዝብ ቆጠራ መዝገብ በሚያነበው አንባቢ ላይ ነው። ጓደኛችን ይቅር ይበለኝ፣ እሱ ያደረገው ይህንኑ ነው። ምዕራፉን ከሬሳው ለይቶ አወጣው። ስድስቱ ምሰሶዎች ቱልቺን ላይ ከረቢ አሮን ቃል ጋር ሲነበቡ ያስፈራሉ፤ ለብቻቸው ሲነበቡ የቱሪስት ሥዕል ይሆናሉ። እኔ ግን ሐኖቨርንም ሙሉ በሙሉ ነፃ አላወጣውም። አንዲት መስመር ስለ ልቮቭ ሹማምንት እምቢታ፣ ወይም ስለዚያ የአደባባይ ሚዛን፣ ውዳሴው ውስጥ ቢያስገባ ኖሮ ሙሾው አይረክስም ነበር። ሟቹ ከማን ጋር ይኖር እንደነበረ እናውቅ ነበር።

የሚቀጥለው ውይይታችን ላይ ከከተማው ወገን የተጻፈ ነገር አብረን ብናነብ እወዳለሁ። ዩዜፍ ባርትሎሚየይ ዚሞሮቪትስ የሚባል ሰው አለ፤ ባለቅኔም ነበረ፣ የልቮቭ ከንቲባም ነበረ። በ1663 ያወጣው የእረኞች ግጥም ውስጥ የኮሳኮቹ ጦርነት ከበጎቹ መሀል ዘው ብሎ ይገባል። ፖላንድኛ የሚያውቅ ሰው ካለን ጥቂቱን ተርጉሞ ቢያመጣልን።

የሐኖቨር መጽሐፍ እኔ ጋ አለ። ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ገጾቹ ተላቀዋል፣ ሁለቱ እንዲያውም ቅደም ተከተላቸው ተዛብቷል። የሚወስድ ሰው ከኔሚሮቭ ይጀምር፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ በመጨረሻ ያንብብ።